መጀመሪያ ስዊቹ፣ ከዚያ ካሜራው፦ ለድርጅት የደህንነት ካሜራ የኔትወርክ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለት ካሜራ ይጠፋል። ሲነጋ ራሱ ይመለሳል። የደወለልኝ አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብርና መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። ካሜራዎቹን አንዴ አስቀይሯል። ኬብሉንም አስቀይሯል። ምንም ለውጥ የለም።

ቀን ሄጄ ባየው ሁሉም ደህና ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ተመልሼ ራኩ (የኔትወርክ ዕቃዎቹ የተደረደሩበት ቁም ሣጥን) አጠገብ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ጨለምለም ማለት ሲጀምር የካሜራዎቹ የሌሊት መብራት በራ። በሌንሱ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይመስላል። ወዲያው ስዊቹ (የካሜራዎቹ ኬብል ሁሉ የሚሰካበትና ኃይል የሚሰጣቸው ሳጥን) ላይ የ15ኛውና የ16ኛው ፖርት (የኬብል መሰኪያ) መብራት ድርግም አለ።

ነገሩ ይሄ ነበር። ቀን ቀን እያንዳንዱ ካሜራ 4 ወይም 5 ዋት ይወስዳል። የሌሊት መብራቱ ሲበራ ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስዊቹ ደግሞ በድምሩ መስጠት የሚችለው 120 ዋት ብቻ ነው። ሲበዛበት የመጨረሻዎቹን ሁለት ፖርቶች ቆረጠ። ካሜራውም ኬብሉም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ሰው ካሜራ ሲገዛ ሜጋፒክሰሉን ይጠይቃል፤ የሌሊት ምስሉን በስልክ ያያል፤ ይከራከራል። ስዊች፣ ኬብልና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ላይ ሲደርስ ግን ከተረፈው ብር ነው የሚገዛው። እኔ ካየኋቸው የጠፉ ቀረጻዎች ግማሽ በላዩ የጠፉት በዚህ በተረፈ ብር በተገዛው በኩል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ ካሜራ ብዙም አያወራም። ካሜራውን ስለሚሸከመው ዕቃ ነው።

1. ወረቀትና ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ካሜራ አራት ነገር ጻፉ፦ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ሜጋፒክሰሉ፣ ከፍተኛ የኃይል ፍጆታው በዋት፣ እና ከራኩ ያለው የኬብል ርቀት። ከፍተኛ ፍጆታው የካሜራው መግለጫ ወረቀት ላይ አለ። ርቀቱን በዓይን አትገምቱ። ኬብል በአየር አይሄድም። ግድግዳ ወጥቶ፣ ኮርኒስ ውስጥ ዞሮ፣ እስከ ራኩ ወርዶ ነው የሚለካው። በእግር 60 ሜትር የመሰለው 90 ሆኖ ይገኛል።

ከላይ ያነሳሁትን መደብር ለምሳሌ እንያዝ። በድምሩ 16 ካሜራ አለው። 12ቱ ውስጥ ናቸው፣ ባለ 4 ሜጋፒክሰል፣ ከፍተኛ ፍጆታቸው 7.5 ዋት። 4ቱ ውጭ ናቸው፣ ባለ 8 ሜጋፒክሰል፣ ከፍተኛ ፍጆታቸው 12 ዋት። ወደፊት ዋናው በር ላይ ሌላ ካሜራ መጨመር ይፈልጋል፤ በሩ ከራኩ 140 ሜትር ይርቃል። የሚቀጥሉት ስሌቶች ሁሉ ከዚህ ወረቀት የሚወጡ ናቸው።

2. የዳታውን መጠን አስሉ

ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ በኤች.265 (ቪዲዮን አጭቆ የሚያሳንስ ዘዴ) ሲቀርጽ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ፣ ባለ 8 ሜጋፒክሰሉ 8 ገደማ ብላችሁ ያዙ። ካሜራው በድሮው ኤች.264 የሚሠራ ከሆነ ቁጥሩን ወደ እጥፍ ውሰዱት። በምሳሌያችን 12 ሲባዛ በ4፣ 48 ነው። 4 ሲባዛ በ8፣ 32 ነው። ድምሩ 80 ሜጋቢት በሰከንድ።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይወስንላችኋል።

አንደኛው ኤንቪአሩ፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ ዲስክ ላይ የሚቀርጸው ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ኤንቪአር የሚቀበለው የዳታ ጣሪያ አለው። "ባለ 16 ቻናል" የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ ጣሪያ አይነግራችሁም። ጣሪያው 80 ከሆነ እና እናንተ 80 ከላካችሁ፣ አንድ ካሜራ ስትጨምሩ አልቀበልም ይላል። ባለ 160 ውሰዱ።

ሁለተኛው ስዊቹን ከኤንቪአሩ የሚያገናኘው ፖርት ነው። ለካሜራ ባለ 100 ሜጋቢት ፖርት ከበቂ በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ብር አታፍስሱ። ወደ ኤንቪአር የሚሄደው ግን ጊጋቢት መሆን አለበት። የ16ቱ ካሜራ ዳታ የሚያልፈው በዚያች አንድ በር ነው። 100 ላይ 80 ሲሞላ፣ የካሜራዎቹ ዳታ ለአፍታ ከፍ ሲል ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል።

3. ቀረጻው ስንት ቀን ይቆይ?

ለዚህ መልስ የሚሰጣችሁ ሂሳብ ሠራተኛው ነው። ቆጠራ የምታደርጉት በወር አንዴ ከሆነ ጉድለት የምታውቁት በወሩ መጨረሻ ነው። ዲስኩ የ10 ቀን ብቻ ከያዘ ዕቃው የወጣበት ቀን በላዩ ላይ ተቀርጾበት ታገኙታላችሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቀንና ሌሊት ሲቀረጽ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይወስዳል። የእኛ 80 በቀን 864 ጊጋባይት ነው። ለ30 ቀን 26 ቴራባይት ገደማ። ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ብትገዙ የሚይዝላችሁ 18 ቀን ነው።

ብሩ ካልበቃ ማሳጠሪያ አለ። ሰው ማታ የማይገባበት መጋዘን ውስጥ ያሉትን እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጹ አድርጉ። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጸውን ወደ 15 አውርዱ፤ ለመደብር ይበቃል። ካሼሩንና በሩን ግን አትንኩ። ዲስኩ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ እንደሚባሉት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲስክ 24 ሰዓት ሙሉ ለመጻፍ አልተሠራም።

4. የፒኦኢ ስዊቹ

ፒኦኢ ማለት ዳታውም ኤሌክትሪኩም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ሲሄድ ነው። ካሜራው ጋ ሶኬት አያስፈልግም። ራኩ ጋ አንድ ዩፒኤስ ካለ ሁሉም ካሜራ መብራት ሲሄድ ይሠራል።

ሦስት ደረጃዎች አሉት። 802.3ኤኤፍ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። 802.3ኤቲ እስከ 30 ዋት። 802.3ቢቲ እስከ 60፣ ከፍ ሲል እስከ 90 ዋት። ለተራ ካሜራ የመጀመሪያው ይበቃል። ለሚዞርና ለሚያቀርብ ትልቅ ካሜራ ሁለተኛው፣ አንዳንዴም ሦስተኛው ያስፈልጋል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ስዊቹ ለሁሉም ፖርት በድምሩ ስንት ዋት ይሰጣል? ይህ የፒኦኢ ባጀት ይባላል። በምሳሌያችን 12 ሲባዛ በ7.5፣ 90 ዋት። 4 ሲባዛ በ12፣ 48 ዋት። ድምር 138። መጠባበቂያ 30 በመቶ ጨምሩበት፣ 180 ዋት ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ያ ባለ 120 ዋት ስዊች ማታ ማታ ለምን እንደሰነፈ ግልጽ ነው። ቀን ግን 16ቱም ካሜራ ተደምሮ 80 ዋት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ለዚያ ነው ቀን ሲፈተሽ ጤነኛ የሚመስለው።

መርካቶ ስትገዙ አንድ ነገር አድርጉ። ካርቶኑን አትመኑ፤ አስከፍቱትና ስዊቹ ኃይል የሚያገኝበትን አዳፕተር ገልብጡ። ታቹ ላይ ቮልትና አምፔር ተጽፏል። አባዙት። 52 ቮልት፣ 1.25 አምፔር የሚል ከሆነ 65 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ 150 ዋት ቢል እንኳ ከ65 ዋት አዳፕተር 150 ዋት አይወጣም። አዳፕተሩ ውስጡ የተገጠመለት ስዊች ከሆነ የሞዴሉን መግለጫ ስልካችሁ ላይ ፈልጉና ባጀቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ አንብቡ። ሻጩ አይከፋም። ቢከፋም ምንም አይደል።

ሌላው "ፓሲቭ ፒኦኢ" የሚባለው ነው። መደበኛው ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት ማዶ ያለው ዕቃ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ፓሲቩ ሳይጠይቅ ይለቃል። አንድ ሰው በስህተት ላፕቶፑን ቢሰካበት ሊያቃጥለው ይችላል። ዋጋው ቢረክስም ለድርጅት አትግዙት።

ኤንቪአሩ ራሱ ከኋላው የፒኦኢ ፖርት ካለውስ? እስከ 8 ካሜራ፣ ሁሉም አንድ ፎቅ ላይ ከሆኑ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ስዊች ለብቻው ይሁን። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ አይጠፋም።

5. ኬብሉ

የመዳብ የኔትወርክ ኬብል ገደቡ 100 ሜትር ነው። ካት5ኢ ለካሜራ ይበቃል፤ ካት6 ከገዛችሁ እሰየው። ዋናው ነገር ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑ ነው። ገበያው ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ኬብል ሞልቷል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኃይል መንገድ ላይ ይበላል። ካሜራው 80 ሜትር ላይ ሆኖ የሌሊት መብራቱ ሲበራ ቮልቱ ይወርድና ካሜራው ጠፍቶ መነሳት ይጀምራል።

መለያው ቀላል ነው። አንዷን ቀጭን ሽቦ አውጡና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጓት። ከቀዩ ሥር ነጭ ብልጭ ካለ አሉሚኒየም ነው። ሙሉ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ሁለቱን ጥቅልል በእጅ ብታነሱም ይታወቃል፤ አሉሚኒየሙ ቀለል ይላል።

አሁን ወደዚያ 140 ሜትር ላይ ወዳለው በር እንምጣ። አንዳንድ ስዊች "ኤክስቴንድ" የምትል ቁልፍ አላት። እስከ 250 ሜትር ይደርሳል ይባልላታል። እውነት ነው፣ ይደርሳል። ግን ፍጥነቱን ወደ 10 ሜጋቢት ታወርደዋለች። 8 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከሆነ ሊሄድ ይችላል።

እኔ የምመርጠው ፋይበር ነው። ሲንግል ሞድ ፋይበር (ለረጅም ርቀት የሚሆነው ዓይነት) ዘርግቶ፣ ራኩ ጋ ባለው ስዊች የኤስኤፍፒ ቀዳዳ (የፋይበር መሰኪያ) ላይ መሰካት፣ በሩ ጋ ደግሞ ትንሽ የፒኦኢ ስዊች ማስቀመጥ። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ክረምት ላይ መብረቅ ግቢው አካባቢ ሲወርድ በመዳብ ኬብል በኩል ገብቶ ስዊቹንም ኤንቪአሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በአየር የሚሄድ መዳብ አስቡት። ፋይበር ይህን መንገድ ይዘጋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ በሩ ጋ ያለው ትንሽ ስዊችም የራሱ ዩፒኤስ ይፈልጋል።

በዋይፋይ የሚሠራ ካሜራ ለድርጅት አልመክርም። ግቢው ሰፍቶ መቆፈር ካልተቻለ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ባለ 5 ጊጋኸርዝ አንቴናዎች ጥሩ መፍትሔ ናቸው። መሀላቸው ዛፍም ቆርቆሮም አይግባ።

6. ተራ ስዊች ወይስ የሚታዘዝ?

የሚታዘዝ ስዊች ማለት በኮምፒውተር ገብታችሁ የምታዙት ነው። ከ8 ካሜራ በላይ ከሆነ ይህንን ግዙ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው ከመሰላል ያድናችኋል። አንድ ካሜራ ሲደርቅ ቤታችሁ ሆናችሁ የዚያን ፖርት ኃይል አጥፍታችሁ ታበራላችሁ። ብዙ ጊዜ ካሜራው ይነሳል። ሰው ጣሪያ ላይ መውጣት አይጠበቅበትም። እያንዳንዱ ካሜራ ስንት ዋት እየወሰደ እንደሆነም በቁጥር ያሳያችኋል። የዚያ መጋዘን ስዊች ይህን ቢያሳይ ኖሮ ሰውየው ካሜራ ባልቀየረ ነበር።

ሁለተኛው ቪላን ነው። አንዱን ስዊች ለሁለት እንደ መክፈል ነው። ካሜራዎቹ በአንዱ፣ ካሼሩና የቢሮ ኮምፒውተሮች በሌላው። ካፌ ወይም እንግዳ ማረፊያ ካላችሁ ደግሞ የደንበኛው ዋይፋይ በሦስተኛው። ያለዚያ ማኪያቶ ሊጠጣ የገባ ሰው ከእናንተ ኤንቪአር ጋር አንድ መረብ ላይ ነው የሚቀመጠው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ዓለም ላይ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው በሌላ በምንም አይደለም፤ ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት የይለፍ ቃል ነው። በጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን የድረ ገጽ አድራሻ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ሲያጠቁበት ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት ብለው ነበር። ስለዚህ የካሜራውን፣ የኤንቪአሩን፣ የስዊቹንና የራውተሩን የይለፍ ቃል ለየብቻ ቀይሩ። ካሜራዎቹ ያሉበት ቪላን ወደ ኢንተርኔት አይውጣ።

7. ራውተርና ኢንተርኔት

ካሜራው ለመቅረጽ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ባለቤቱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ሱቁን በስልኩ ማየት ሲፈልግ ነው። ለዚያ ደግሞ የሚታየው የመስቀል (አፕሎድ) ፍጥነቱ ነው፤ ማውረጃው አይደለም። አንድ ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ በሙሉ ጥራት ለማየት 4 ሜጋቢት ይፈልጋል። 16ቱን በትንንሹ ጎን ለጎን ለማየት ግማሽ ግማሽ ሜጋቢት ብትይዙ 8 ይሆናል። ፋይበር መስመር ካላችሁ ችግር የለም። በሲም የሚሠራ ራውተር ከሆነ ቦታው ላይ ሆናችሁ በሥራ ሰዓት ለኩ። ሌሊት የሚለካው ያታልላል።

ቴክኒሺያኑ "ፖርት ልክፈትልህ" ካላችሁ እምቢ በሉ። ኤንቪአሩን ለዓለም ሁሉ በር መክፈት ነው። ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ የተቆለፈ የግል መንገድ) የሚደግፍ ራውተር ግዙ፤ ማይክሮቲክም ይሁን ሌላ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ስጡ። የሰው ምስል የግል ዳታ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የሕግም ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ስልኩ ላይ የእናንተን ሠራተኞች እያየ መቆየት የለበትም።

8. መብራት ሲሄድ

ድምሩን ውሰዱ። ካሜራዎቹ ማታ 138 ዋት፣ ስዊቹ ለራሱ 20፣ ኤንቪአሩ ከዲስኩ ጋር 40፣ ራውተሩ 12። በጥቅሉ 210 ዋት። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ (በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ጭነት) ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይናገርም። የሚናገረው ባትሪው ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በወረቀት 216 ዋት-ሰዓት አለው። በተግባር ከዚያ 60 በመቶ ገደማ ብታገኙ ነው። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ማለት ነው።

ጄነሬተር ካላችሁ ይህ በቂ ነው፤ ድልድይ ይሆናል። ከሌላችሁ ኢንቨርተርና ሁለት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አስቡ። ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ ከ4 ሰዓት በላይ ይይዛል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ምረጡ። እኛ አገር ዕቃ የሚበላው መብራቱ ሲሄድ ብቻ አይደለም፤ ሲመለስም ነው። ራኩን ደግሞ ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኙ።

ራኩ ይቆለፍ። ኤንቪአር ካሼሩ ጠረጴዛ ሥር አይቀመጥም። ሌባው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

9. ሰዓቱ

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ቀረጻው ላይ 20:40 ይላል። ጥበቃው "ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ነው ድምፅ የሰማሁት" ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ግን ኤንቪአሩ በሌላ አገር ሰዓት ከተሞላ አይገጥሙም። የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ሲደመር 3 (UTC+3) ላይ አድርጉ። ኤንቪአሩ በኤንቲፒ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክል። ካሜራዎቹ ከኢንተርኔት ስለተቆለፉ ሰዓታቸውን ከኤንቪአሩ ይውሰዱ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ 2000 ወይም 1970 የሚመለስ ኤንቪአር ካያችሁ ውስጡ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃለች። ቀይሯት።

10. ርክክቡ ማታ ይሁን

ቴክኒሺያኑ ቀን 9 ሰዓት ላይ ጨርሶ ሊያስረክባችሁ ይፈልጋል። እስኪጨልም እንዲቆይ ተነጋገሩ፤ ውሉ ላይም ይግባ። ሲመሽ የሁሉም ካሜራ የሌሊት መብራት ይብራ። ስዊቹ ውስጥ ገብታችሁ ጠቅላላ ዋቱን አንብቡ። እያንዳንዱ ፖርት በ100 መገናኘቱን እዩ፤ 10 የሚል ካለ ኬብሉ ወይም ጫፉ ችግር አለበት።

ከዚያ የዩፒኤሱን ሶኬት ንቀሉና ሰዓት ያዙ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጠብቁና መልሱት። ሁሉም ካሜራ ሳትነኩት ይነሳል? ቪላኑ አለ? አንዳንዱ ቴክኒሺያን ስዊቹ ላይ ያስተካከለውን ሳያስቀምጥ ይሄዳል፤ መብራት አንዴ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። በመጨረሻ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረውን የካሼሩን ቀረጻ አስወጡና ፍላሽ ላይ ጫኑት። ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። የብሩ ኖት መቶ ይሁን ሁለት መቶ ከለያችሁ ጥሩ ነው።

የይለፍ ቃሎቹን ወረቀት፣ የስዊቹን ቅንብር ፋይልና የኬብሉን ካርታ ተቀበሉ። ቀሪውን ሂሳብ ከዚያ በኋላ ክፈሉ።